ባላጋራዬ ትምጣ

ጥንጁት አምባን ልሂድና ልየው ብትሉ አታገኙትም፤ ስሙን ለውጬዋለሁ። ከደብረ ታቦር ወደ አንበሳሜ በሚወስደው በኩል ወጣ ብሎ፣ ከዚያ የመኪናውን መንገድ ትቶ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ የገብስ አገር ነው። እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ ሴት ነኝ። ወደዚያ ብርድ የሄድኩት በደርግ ጊዜ፣ የዘመናዊ ታሪክ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር፣ ለምርምር ነው። ቁጣዬ ይብረድና በረጋ መንፈስ እጽፈዋለሁ ብዬ ስንት ዓመት ጠበቅኩ። ደርግም ወደቀ፣ የማወራላችሁ ሁለት አዛውንቶችም አረፉ፣ ቁጣዬ ግን እንዳለ አለ። እንግዲህ ከነቁጣው አንብቡት።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። መመረቂያ ጽሑፌ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የደብረ ታቦር ዙሪያ ገበሬ እንዴት እንደኖረ የሚያጠና ነበር። ሦስተኛው ምዕራፍ ጣሊያን ጥንጁት አምባን ስላቃጠለበት ቀን ነው። ስለዚያ ቀን የተጻፈ ነገር የለም። አማካሪዬ ከወንበሩ ሳይነሳ አገር ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነበር። «በዓይኑ ያየ ሰው ካላመጣሽ ምዕራፉ ይወጣል። እሱ ከወጣ የቀረው መመረቂያ አይባልም» አለኝ። በዓይናቸው ካዩት ሰዎች አንድ ሽማግሌ በሕይወት እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ አያ ድረስ ይባላሉ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ የሰጠኝ አንዴ ነው፤ ሁለተኛ እንደማይሰጠኝም በግልጽ ነግሮኛል።

ሰኞ ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ተነሳን። የአውቶቡሱ ረዳት ቴፕ ሪከርደሬን ጣሪያ ላይ ካልጫንኩ ብሎ ሙጭጭ አለ። «እንግዲያው እኔንም አብረህ ጫነኝ» አልኩትና ታቅፌው ገባሁ። ዓባይ በረሃ ከመውረዳችን በፊት ኬላ ላይ አስወረዱን። አንዱ ጠባቂ ቴፑን አየና «ይሄ ምን ይናገራል?» አለ። ለሙከራ የያዝኩትን የዘፈን ካሴት ከፈትኩለት። ጠመንጃውን ተደግፎ አንዱን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ቀጥሎም «በዚያኛውስ በኩል ምን አለ?» ብሎ አስገለበጠኝ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ሰው ቀና ብሎ ቢቆጣ ምን ነበረበት? ማንም አልተቆጣም። ድሬ ቢሆን «አቦ ልቀቀን!» የሚል አንድ አይጠፋም ብዬ አሰብኩና፣ እኔም እንደማንኛውም ሰው ዝም ብዬ መቆሜን ሳስተውል ይበልጥ ተናደድኩ።

ደብረ ማርቆስ አደርን። ክፍሌ አንድ አልጋና አንድ ምስማር ነበረው፤ ምስማሩ የልብስ መስቀያ ነው። ቁንጫው ሌሊቱን ሙሉ አስጨፈረኝ። እኛ አገር ሙቀት ሲበዛ አልጋ ወደ ግቢ አውጥተን ነው የምንተኛው፤ እዚያ ግን በሩን ዘግቼ፣ ካልሲ አድርጌ፣ ሹራቤን ደርቤ ተንቀጠቀጥኩ። ጠዋት የቤቱ ባለቤት እጄ ላይ ያለውን ንክሻ አይተው አዘኑና፣ ለመንገድ የሚሆን ትኩስ ድፎ ዳቦ በሻሽ ጠቅልለው ሰጡኝ። የቁንጫውን ነገር ይቅር አልኩ።

ማክሰኞ ባሕር ዳር ስንገባ ሙቀት አገኘሁ፣ ዘንባባም አየሁ። አንድ ሌሊት እንደ ሰው ተኛሁ። ረቡዕ በወረታ ዞረን ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ስንወጣ ዓለም በር ላይ ጎማችን ፈነዳ። ትርፍ ጎማ የተባለው ከፈነዳው የማይሻል ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ሌላ መኪና እስኪመጣ ቁጭ በሉ አለ። ከመንገድ ዳር አንዲት ሴት ከቤቷ ወጥታ በሰፌድ የገብስ ቆሎ አመጣችና ለሁላችንም እየዞረች አደለች። ስሟን ጠየቅኳት፤ «ምን ያደርግልሻል፣ ብዪ» አለችኝ። ደብረ ታቦር የደረስነው በመሸ ጊዜ ሲሆን፣ ከጉና በኩል የሚመጣው ነፋስ ቀሚሴን አልፎ አጥንቴ ድረስ ገባ።

ያረፍኩት ወይዘሮ ዘሐራ ቤት ነው። አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ አክስት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ገበያው አጠገብ ሱቅ ይዘው ጨውና ሸማ ይሸጣሉ። ገና በሩ ላይ እንደቆምኩ አዩኝና «ምን ለብሰሽ ነው የመጣሽው ልጄ፣ ትሞቻለሽ እኮ!» ብለው የራሳቸውን ጋቢ ከትከሻቸው አውርደው ጠመጠሙብኝ። በማግስቱ ዶሮ ቀረበልኝ። እኔ ልጎርስ ስል እጄን ያዙኝ። «ስሚ፣ በልብሽ እንዳይገባሽ። ጎረቤታችን ክርስቲያን ነው፤ እሱ አርዶት ሚስቱ ሠርታዋለች። ድስቱም የነሱ ነው» አሉ። እኛ ድሬ የማን ድስት እንደሆነ ሳንጠይቅ ነው የምንበላው። ያንን ለመናገር አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ ለኔ ብለው በማለዳ ተነስተው ጎረቤት ለጎረቤት የዞሩ ሰው ፊት የሚባል አይደለም።

ሐሙስና ዓርብ ያለቁት አንድ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ነው። ገጠር ለመግባት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን የሚሰጠው ካድሬ ጓድ ፈንታሁን ይባላል። ሐሙስ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። ዓርብም ጠዋት «ስብሰባ ላይ ናቸው።» ከሰዓት በኋላ አስገቡኝ። ጮሌና ባለጌ ሰው ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ካኪው የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ጭራሽ ያናደደኝ ይህ ነው። ባለጌ ቢሆን እንኳ ልሰድበው እችል ነበር።

«የጥንጁት አምባ ታሪክ እኮ ተጠንቶ አልቋል፣ ጓድ» አለኝ።

«በማን?»

«በኮሚቴ።»

«ኮሚቴው መንደሩ ሄዷል?»

«መሄድ አላስፈለገውም።»

ከዚያ ነገሩን አብራራልኝ። በሚመጣው የአብዮት በዓል በተቃጠለው መንደር የመታሰቢያ ድንጋይ ይቆማል። ከላይ የሰማዕታቱ ስም፣ ከታች ደግሞ ጣሊያንን መርቶ ያመጣው ከሐዲ ስም ይቀረጻል። መመሪያው ሁለቱንም ይላል። ከሐዲ የተባሉት ደግሞ እኔ ላነጋግራቸው የመጣሁት የአያ ድረስ አባት ናቸው። «ባላባት ነበሩ፣ ሁለት ጥማድ በሬ ነበራቸው» አለ። በሁለት ጥማድ በሬ ሰው አገር ይሸጣል ብሎ የሚያምን አእምሮ ፊት ቁጭ ብዬ ሦስተኛ ምዕራፌን አሰብኩ።

«ማስረጃው ምንድን ነው?» አልኩት።

«አገሩ ሁሉ የሚለው ነው፤ ነጭ ጋቢ ለብሰው ከጣሊያን ጋር ታይተዋል። ቢሆንም እኛ ግትር አይደለንም። አቶ ድረስ ሌላ ሰው ከጠቆሙ በቴፕ ቅጂልን፣ ስሙን እንለውጣለን። ሌላ ስም ካልመጣ ይኸው ይቀረጻል። ቴፑን ግን ከማንም በፊት እኔ እሰማዋለሁ።» ወረቀቱን ፈረመልኝ። በሁለት እጁ አክብሮ ሰጠኝ።

ቅዳሜ ከወይዘሮ ዘሐራ ደንበኛ ጋር ተነሳሁ። ጨው ሊገዛ የመጣ የጥንጁት አምባ ሰው ነው፤ በቅሎውን ለኔ ሰጥቶ ጨውን ራሱ ተሸከመ። እምቢ ስለው «እንግዳ እየሄደ እኔ ልቀመጥ?» ብሎ ተቆጣኝ። ከድሬ አሸዋ የመጣ ዓይን ያንን አገር ሲያይ ይደነግጣል፤ መሬቱ ሁሉ ታርሷል፣ ሰው የማይቆምበት ዳገት እንኳ ገብስ አብቅሏል። ከዚህ ሁሉ እርሻ መካከል ግን አንድ ቁራሽ ጉብታ ጠፍ ሆኖ አየሁ። ለምን እንደማይታረስ ጠየቅኩት። «የተቃጠለው እሱ ነው» አለና ሌላ ወሬ ጀመረ።

አያ ድረስ ቤት ስገባ ከነአቧራዬ፣ ከነድካሜ፣ እንደ አገሬ ልማድ «አያ ድረስ አንተ ነህ?» አልኩ። ምራታቸው ቅሉን እንደያዘች ቀረች። ድሬ ሕፃኑም ሽማግሌውም «አንተ» ነው፤ ፍቅር እንጂ ንቀት አይደለም። እዚያ ግን የገዛ ልጃቸው እንኳ አባቱን «አንቱ» ነው የሚለው። ሽማግሌው ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሰው ናቸው። «ግድ የለም፣ ተዋት» አሉ ለምራታቸው፣ «እግዜርንም አንተ ነው የምንለው።» ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ላብ በላብ ሆኜ ሳቅኩ።

በልተን ከጨረስን በኋላ ቴፑን አውጥቼ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ድንጋዩንም ነገርኳቸው። ሰምተዋል። አባታቸው ያን ቀን የት እንደነበሩ ጠየቅኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ያየሁትም አለ፣ አባቴ የነገረኝም አለ። ግና ላንቺ ለብቻሽ አልናገርም።»

«ለምን?»

«ነገሩ የሰው ቤት ይነካል። ሰው በሌለበት እንዲህ አደረገ ብሎ መናገር ሐሜት ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም። ባላጋራዬ ትምጣ። ኸፊቴ ትቁም። ያን ጊዜ እናገራለሁ።»

ባላጋራቸው እማሆይ አትጠገብ ናቸው። እናታቸው ያን ቀን ከነቤቱ ተቃጥለዋል፤ ወንድማቸውም በጥይት ተገድሏል። ከዚያ ቤት የተረፉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ አድገው አግብተው፣ ከገደሉ ማዶ ሄደው፣ ባላቸው ሲሞት መንኩሰዋል። ሁለቱ ቤቶች ከአርባ ዓመት በላይ አልተነጋገሩም። አንዱ ባለበት ማኅበር ሌላው አይጠጣም፤ አንዱ ቤት ሲሞት ሌላው ለልቅሶ አይደርስም። አያ ድረስ በወጣትነታቸው ሽማግሌ ልከው ነበር፤ «ከባንዳ ቤት ጋር አልቆምም» የሚል መልስ መጣላቸው። ከዚያ ወዲህ ጠበቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የባንዳ ልጅ እየተባሉ፣ ንጹሕ መሆናቸውን የሚያስረዳ ቃል በአፋቸው ይዘው፣ ሕጉ ስላልተሟላ ጠበቁ።

አበድኩ ብል ትቀበሉኛላችሁ? «አባቴ፣ የአባትዎን ስም ድንጋይ ላይ ሊቀርጹት ነው! ከበዓሉ በፊት ካልተናገሩ አለቀ!» ብዬ ጮህኩ።

«ሰምቻለሁ ልጄ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ትምጣ።»

ወጥቼ ከበረቱ አጥር ጋር ተጣላሁ። አንዱን እንጨት ረግጬ ሰበርኩ፤ እግሬንም አመመኝ። እዚያ ማዶ በካኪ ልብስ አንድ ሰው ሳይጠይቅ ስም ያስቀርጻል፤ እዚህ ደግሞ አንድ ሰው የሚያውቀውን ለመናገር ከሳሹ ካልመጣ ይላል። በሁለቱም ተናደድኩ። በማን ላይ ይበልጥ እንደተናደድኩ ያን ቀን አላወቅኩም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገደሉን ወረድኩ። በቅሎዋ ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ አልንቀሳቀስም አለች፤ ወርጄ ስጎትታት አዳልጦኝ በመቀመጫዬ ተንሸራተትኩ፣ ቀሚሴም ከጉልበት በላይ ተቀደደ። እማሆይ ደጅ የደረስኩት አንድ እጄን ቀዳዳው ላይ፣ አንድ እጄን ቴፑ ላይ አድርጌ ነው። ትንሽ፣ ጎበጥ ያሉ፣ ፊታቸው የተጨማደደ ሴት ናቸው። ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። መጀመሪያ አስቀመጡኝ፣ ውኃ አሞቁ፣ ጎንበስ ብለው እግሬን አጠቡኝ። እኔ አፈርኩና እግሬን ልሰበስብ ብሞክር ቁርጭምጭሚቴን ያዙ፤ «እንግዳ አይደለሽ?» አሉ። እኛ ለእንግዳ ቀዝቃዛ ውኃ ነው የምናቀርበው፤ እግሩን አንነካም። ከዚያ መርፌና ክር አምጥተው ቀሚሴን እላዬ ላይ እንዳለ ሰፉልኝ። የመጣሁበትን ነገር ለዚህ ሰው እንዴት አድርጌ እንደምናገር ጨነቀኝ።

ነገርኳቸው። ሲሰሙ መርፌው አልቆመም።

«ድንጋይ ላይ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «የማይፋቅ?»

«የማይፋቅ።»

«ድረስ ምን አለ?»

«ባላጋራዬ ትምጣ አሉ።»

መርፌው ቆመ። «እስታሁን አልተናገረም? ለማንም?»

«ለማንም።»

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ፈለጉ። «ነገ ማለዳ እወርዳለሁ» አሉ።

ሰኞ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ጥዱ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። የደብሩ ቄስ መሐል ተቀመጡ። የሁለቱም ወገን ዘመዶች ለየብቻ ቆሙ። ሌሊቱ ቀዝቅዞ ስለነበር ባትሪዎቼ ደክመዋል፤ ማለዳ ፀሐይ ላይ አሰጥቻቸው ነው ነፍስ የዘሩት። ቴፑን ሣሩ ላይ አስቀምጬ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። ሦስተኛ ምዕራፌ ሊናገር ነው።

አያ ድረስ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አደገደጉ። ለቄሱ እጅ ነሱ፤ ለእማሆይም እጅ ነሱ። ከዚያ ቀጥ ብለው፣ ባላጋራቸውን ብቻ እያዩ ተናገሩ።

«ያን ቀን ነጭ ጋቢ ለብሶ ኸጣሊያን ጋር የታየው አባቴ ነው። እውነት ነው። ጦሩ መምጣቱን ሰምቶ ሊለምን ወጣ። ያዙት፣ አሰሩት፣ ኸኋላ አስከተሉት። ኸፊት የሚመራው ሌላ ነበር፤ አንገቱ ላይ ገመድ ነበረው። ገና ጢም ያላወጣ ጎረምሳ ነው። መንታ መንገዱ ላይ አባቴ ‹በታች ውሰዳቸው፣ ወደ ገደሉ!› ብሎ ጮኸለት። በሰደፍ መቱት፤ ልጁንም መቱት። ልጁ ፈራ። ወደ ላይ መራቸው። ሲጨርሱ ልጁን ገደሉት። አባቴ ሸሽቶ ገብቶ ለኔ ነገረኝ። ‹ይህን ነገር ኸነሱ ቤት ሰው ፊት ካልሆነ እንዳትናገር። የሞተ ልጅ በሌለበት አይከሰስም› አለኝ። ይኸው ዛሬ ፊትዎ ነኝ። ልጁ ወንድምዎ ነበር።»

ስሙንም ጠሩት። እኔ አልጽፈውም።

ከእማሆይ ወገን አንዱ «ውሸት ነው!» ብሎ ተነሳ። እማሆይ ምርኩዛቸውን አነሱበት፤ ተቀመጠ።

«አውቃለሁ» አሉ እማሆይ። ድምፃቸው ትንሽ ነበር፤ ሁላችንም ወደ ፊት አዘነበልን። «ኸጓሮ ጌሾ እቀነጥስ ነበር። ሲመጣ አየሁት። ገመዱንም አየሁ። እናቴ ግን ገመዱን አላየችም፤ ልጄ መጣልኝ ብላ በሩን ከፈተችላቸው።»

ከዚያ ወደ አያ ድረስ ወገን ዞሩ።

«ብቻዬን ቀረሁ። እናቴን ቀበርሁ፣ ወንድሜን ቀበርሁ። አገሩ የነጩን ጋቢ ወሬ ሲያወራ ዝም አልሁ። ወንድሜን ሁለት ጊዜ ልቅበረው? የናንተን ቤት ቀበርሁት። እያወቅሁ ነው ድረስ። አርባ ዓመት እያወቅሁ ነው።»

ጎንበስ ብለው ከግቢው ድንጋይ አነሱ። ከጉልበታቸው በላይ የሆነ ድንጋይ ነው። እንደ አገሩ ይቅርታ ጠያቂ ማጅራታቸው ላይ ጫኑና በጉልበታቸው ወደ አያ ድረስ ሄዱ። አያ ድረስ እስኪደርሱ አልጠበቁም፤ ሮጠው ድንጋዩን አወረዱላቸው። ሁለቱም መሬት ላይ ተቀመጡ። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ፤ አሳልመው ሲያበቁ ነገሩ እዚያ ላይ እንዳለቀ፣ የልጁን ስም በዚህ ነገር መልሶ የሚያነሳ ሁሉ የተወገዘ መሆኑን ተናገሩ። ሕዝቡ «ይሁን» አለ። ያን ጊዜ የሁሉም ዓይን ወደ ቴፑ ዞረ። አሁንም ይሽከረከራል።

«ይህ ይጠፋል?» አሉኝ እማሆይ።

አላጠፋውም አልኩ። በቁጣ ነው ያልኩት። የመጣሁት ለዚህ መሆኑን፣ ያለዚህ ቃል ድካሜ ሁሉ ገደል እንደሚገባ፣ የቄስ ውግዘት ታሪክን ሊያስር እንደማይችል ለፈለፍኩ። ደግሞም ትልቁን ነገር ነገርኳቸው፤ «አያ ድረስ፣ ይህ ቴፕ ከጠፋ የአባትዎ ስም ይቀረጻል! እርስዎን የሚያወጣ ሌላ ነገር የለም!»

«ኻልጠፋስ የማን ስም ይቀረጻል?» አሉኝ አያ ድረስ ቀስ ብለው።

ጓድ ፈንታሁን ቴፑን ሰምቶ፣ ያን አንገቱ የታሰረ ጎረምሳ ከገዛ እናቱ ስም በታች ከሐዲ ብሎ ሲያስቀርጸው ታየኝ። መመሪያው አንድ ስም ይላል፤ ገመድ አይልም።

«እኔን እሷ ኸሰማችኝ በቃኝ» አሉ አያ ድረስ። «ድንጋዩ የፈለገውን ይበል።»

ካሴቱን ወደ መነሻው መለስኩ። እንባዬ የንዴት ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ። የተቀዳን ቃል ለማጥፋት በላዩ ላይ ሌላ መቅዳት ነው፤ እነሱ የተናገሩበትን ያህል ጊዜ ቴፑን ከፍቼ መቀመጥ ነበረብኝ። ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። ዝም ብለን ተቀመጥን። ነፋሱ ጥዱን ያወዛውዘዋል። ትንሽ ቆይተው እማሆይ፣ ቴፑን ረስተው፣ ወደ አያ ድረስ ዞሩ።

«እናትዎ ሲያርፉ አልመጣሁም። እግዜር ያጥናዎ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ባልዎ ያረፉ ጊዜ ኸማሳ ሆኜ ደወሉን ሰማሁ። አልመጣሁም። እግዜር ያጥናዎ።»

«ልጅዎ፣ ትልቁ፣ በወባ ሲሞት ሰምቻለሁ። በልቤ አልቅሻለሁ፤ አልመጣሁም።»

«እግዜር ይስጥልኝ። አክስትዎስ?»

እንዲህ እያሉ የአርባ ዓመት ሙታናቸውን አንድ በአንድ ጠሩ። ለእያንዳንዱ ልቅሶ ደረሱ። ምስክርነቱ ከሥር እየጠፋ፣ ይህ በላዩ እየተቀዳ፣ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ተቀመጥን።

ማክሰኞ ወደ ደብረ ታቦር ተመለስኩ። ያን ሁሉ መንገድ በቅሎዋን አላናገርኳትም፣ ባለቤቷንም አላናገርኩም። (መመረቂያዬን ከዓመት በኋላ በሌላ ርዕስ ጻፍኩ፤ አማካሪዬ «ጠንካራ ሥራ» አለው። ከሰነድ የተቀዳ፣ ሰው የሌለበት ሥራ ነው።) ወይዘሮ ዘሐራ ፊቴን አይተው ምንም ሳይጠይቁኝ ሾርባ ሰጡኝ። ከዚያ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ፤ አልሄድም ብል ከከተማ መውጫ ይለፍ አላገኝም።

ጓድ ፈንታሁን ወንበር ሳበልኝ። አዲስ ባትሪ አስመጥቶ ካሴቱን ከመጀመሪያው ሰማ። እግዜር ያጥናዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ያጥናዎ። ግማሽ ላይ አጠፋው።

«ይሄ እኮ የልቅሶ ቴፕ ነው» አለ እየሳቀ። «ምስክርነቱስ?»

«አልተናገሩም።»

«ሌላ ስም አላገኘሽም?»

ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ብናገር የአያ ድረስ አባት ነጻ ይወጣሉ፤ ሦስተኛ ምዕራፌም ይመለሳል። «አላገኘሁም» አልኩ።

«እንግዲህ ኮሚቴው ያለው ጸና።» ካሴቱን በሁለት እጁ መለሰልኝ። ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ፣ ለጠራቢው የሚላከውን የአያ ድረስን አባት ስም በትልልቅ ፊደል፣ አሳምሮ፣ ሳይቸኩል ጻፈ። ጠረጴዛውን ልገለብጠው፣ ካኪውን ልቀደው፣ ልጮህ ፈለግኩ። ድሬ ተወልጄ ዝም ማለት የማላውቅ ሴት ነኝ። ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ጽፎ ሲጨርስ ትንሽ አየውና ወረቀቱን ወደኔ አዞረው።

«አንቺ የታሪክ ምሁር ነሽ፤ ድንጋይ ላይ ከወጣ በኋላ አይታረምም። ስሙ ልክ ነው?»

አነበብኩት።

«ልክ ነው» አልኩት።